ሐረጎ መቼ ይከፈታል?

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ድንች እየላጥኩ ሳለ ትእዛዙ በጆሮዬ መጣ። «ይመር እንድሪስ። የአሽከርካሪዎች አዋጅ። እስከ ቅዳሜ ይነገራቸው።» ወዲያው ያው ድምፅ ደሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይኖራታል አለኝ። በሰኔ ደሴ ላይ ዝናብ እንደሚዘንብ ለማወቅ ይህን ያህል ብልሃት ምን ያስፈልጋል እያልኩ ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

ሥራዬ የተያዙ ዜናዎችን መንገር ነው። መሥሪያ ቤቱ «የዘገዩ መረጃዎች አድራሽ» ይለኛል። ሰፈሩ ግን አርጂዋ ነው የሚለኝ። ሰው ሲሞት ዘመድ ተጠራርቶ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ መርዶ እንደሚያረዳው ሁሉ፣ እኔም አገር የሰማውንና አንድ ሰው ብቻ ያልሰማውን ዜና ይዤ በር አንኳኳለሁ። ይህን ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ዜና በየሰዉ ልክ መሆን ከጀመረ ቆይቷል። አስረጂ የሚባል ትንሽ መሣሪያ በየሰዉ ጆሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ የምክር ቤቱንም የገበያውንም ወሬ ለእሱ በሚስማማው መንገድ ያስረዳዋል። ጎረቤቴ ሃያትና ባሏ በአንድ አልጋ ተኝተው ስለ አንድ ግብር ሁለት ዜና ይሰማሉ። እሷ ግብሩ የተጨመረው ለሆስፒታል መሆኑን ትሰማለች፤ እሱ ግብሩ አለመጨመሩን ይሰማል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይነሳሉ። ለቅሶ ቤት ሄዶ ስለ መንግሥት ማውራት የቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉም የያዘው ወሬ ስለማይገጥም፣ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ብርድ ይወራል።

አንዳንዱ ዜና ግን ምንም ቢለዝብ ለአንዳንድ ሰው አይሆንም። ልቡ አይችለውም ተብሎ ይያዛል። ያን ጊዜ ለሌሎቻችን በጆሯችን ይንሾካሾክልናል፤ «ከእከሌ ጋር ሲሆኑ ይህን ነገር ባያነሱ መልካም ነው» ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሲመጣ የተቀመጡት እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ከላኩ፣ ያ ሰው የተያዘ ዜና አለው ማለት ነው። ማንም ግን ትንፍሽ አይልም። ከዓመታት በፊት አንዱ ወፈፍ አድርጎት፣ የአንድ ሽማግሌ የልጅነት የኳስ ቡድን መፍረሱን ለቅሶ ቤት ውስጥ ተናገረ። ሽማግሌው አንድ ወር አልጋ ላይ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ እድራችን የሰውን ዜና ያወጣ ይታገዳል ብሎ ወሰነ። በእኛ ሰፈር ከእድር መታገድ ማለት ደግሞ ቀባሪ ማጣት ማለት ነው።

ዝም ማለቱ ከመናገሩ የባሰ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ ሲደርስ ነገሩ ወደ እኔ ይመጣል። የአነጋገሩን ወግ የወረስኩት ከእናቴ ነው። የሞት መርዶ ሲኖር እድሩ የሚልካት እሷን ነበር። ባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም ስለምትል መጀመሪያ ቁርስ መብላቱን ትጠይቃለች። የሥጋ ዘመዱን አጠገቡ ታስቀምጣለች። ከዚያ ሳትዞርና ሳታሽሞነሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትናገርና ሰውየው አልቅሶ እስኪወጣለት ቁጭ ትላለች። እኔም እንደዚያው ነኝ። ማዕቀፍ፣ ሽግግር፣ ትግበራ የሚባሉ ቃላት በእኔ አፍ አያልፉም፤ ማዕቀፍ ያለበትን ዜና ሰው አይገባውም፣ እውነቱን ለመናገር ለእኔም አይገባኝም።

ጉዳቱ «ቁርስ በላህ?» የሚለው ደህና ጥያቄ በሰፈሩ መበላሸቱ ነው። አንድ ቀን ባለሱቁን እንደ ዋዛ ብጠይቀው፣ የያዘውን ስኳር ጥሎ ወንበር ፍለጋ ገባ።

ጋሽ ይመር ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ አርባ ዓመት ሚኒባስ ነድተዋል። በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ሙሽራ ሳያስመልሳት የሚነዱ ብቸኛው ሹፌር ስለነበሩ፣ ከሰፈራችን ወደ ቆላ የተዳረች፣ ከቆላም ወደ እኛ የመጣች ሴት ሁሉ የተጓዘችው በእሳቸው መኪና ነው። ሃያትም ስትዳር፣ እኔም ያኔ ባል ባገባሁ ጊዜ። የእኔ ባል አልበረከተም እንጂ መንገዱ ጥሩ ነበር።

ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ መኪና እንዳይነዳ ከተከለከለ ሦስት ዓመት አልፏል። ጋሽ ይመር ግን ይህን አልሰሙም። የእሳቸው አስረጂ ሐረጎ ለጥገና ተዘግቷል፣ የሙከራ መኪኖች ብቻ ናቸው የሚያልፉት ብሏቸዋል። ሹፌር የሌላቸው መኪኖች በደጃቸው ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ እያዩ፣ «ምስኪኖች፣ አሁንም እየሞከሩ ነው» ይላሉ በሐዘኔታ። በየጠዋቱ ሚኒባሷን ያጥባሉ፣ ሞተር ያሞቃሉ። የእድራችን ዳኛ ናሆም፣ ያ ሽበታም፣ ሲያልፍ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ይጠይቃቸዋል።

«ጋሽ ይመር፣ ሐረጎ መቼ ይከፈታል?»

«ሲከፈት እነግርሃለሁ። የፊቱ ወንበር ያንተ ነው።»

ሰኞ ከሰዓት ሁኔታቸውን ለማየት ሄድኩ። ዝናቡ አልጣለም ነበር። ሃያት በረንዳቸው ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፣ ናሆም ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። ስገባ ሁለቱም ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። ለጋሽ ይመር ነው አልኩ በልቤ። ጋሽ ይመርም ጆሯቸውን ነካኩ፤ እሳቸው ደግሞ መስማት ስለሚቸግራቸው ሁልጊዜ እንደነካኩት ነው።

«ነይ ልጄ፣ ነይ። እሑድ ፊርዶስን ኮምቦልቻ የምወስዳት እኔ ነኝ፣ ሰምተሻል?» አሉኝ። ፊርዶስ የልጅ ልጃቸው ናት፣ እሳቸው ያሳደጓት።

«መንገዱ ተዘግቷል አላሉም?» አልኩ።

«ለሙሽራ ያሳልፉኛል። ሠራተኞቹም ሰው ናቸው እኮ። ሰው ሙሽራ ይመልሳል?»

መንገዱ ላይ ሰው እንደሌለ ነግሬያቸው ብገላገል ምንኛ በወደድኩ። አስፋልት በነኩ ቅጽበት መንገዱ ራሱ ሚኒባሷን ያቆማታል። ፊርዶስ በቬሎዋ መሀል መንገድ ተገትራ፣ ጎታች እስኪመጣ አማቾቿ ያዩአታል። ጋሽ ይመር ደግሞ አርባ ዓመት በተከበሩበት መንገድ ላይ ይዋረዳሉ። ትእዛዙ በዚህ ሳምንት የመጣው ለዚህ መሆን አለበት።

«ሚኒባሷን ቀለም ልቀባት ነው» አሉ። «ሃያትዬ፣ ምን ዓይነት ይሻላል?»

«አረንጓዴ» አለች ሃያት፣ ከሹራቧ ቀና ሳትል።

«አንቺማ ዓለም ሁሉ አረንጓዴ ቢሆን ደስታሽ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሃያት የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሹራብ ሠሪ ናት። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ለመስከረም ታዘጋጃለች፤ ቤቷ ሁሉ አረንጓዴ ክር ነው። እሷ አጠገብ በተቀመጥኩ ቁጥር ግን ጆሮዬ ውስጥ ያ ለስላሳ ድምፅ «ከወይዘሮ ሃያት ጋር ሲሆኑ ስለ መስከረም ባያነሱ መልካም ነው» ይለኛል። ከመስከረም ጀምሮ ልጆች በየቤታቸው እንዲማሩ፣ ትምህርት ቤቶቹም እንዲዘጉ ታስቧል። ጉዳዩ ገና ምክር ቤት ነው፤ ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ ሐሳቡን ይስጥበት ተብሏል። ሃያት ደም ግፊት ስላለባት ተይዞላታል። ትእዛዙ አልመጣልኝም፣ ሳይመጣ ደግሞ አልናገርም። ሥራ ሥራ ነው። እንዲህ እያልኩ ሹራቧ በየቀኑ በአንድ እጅጌ ሲያድግ አያለሁ።

ልወጣ ስነሣ ከቅርጫቷ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ሹራብ አውጥታ እቅፌ ላይ ጣለችው።

«ይኼ ለአንቺ ነው። ሐምሌ ላይ ቤት ስትውዪ ይበርድሻል።»

«ቤት ስውል?»

«ዝናብ ሲሆን ማለቴ ነው» አለችና ያልጠፋ ክር ትፈልግ ጀመር።

ሳምንቱ ሁሉ እንዲህ ነበር። «ሰኞ ገበያ» በሚባለው ቦታ ድንች የምትሸጥልኝ ሴት ሳልጠይቃት ምራቂ ጨመረችልኝ፤ ይቺ ሴት ለእናቷ የማትመርቅ ናት። ናሆም መንገድ ላይ አግኝቶኝ «አይዞሽ» አለኝ። «ምን ሆንኩ?» ብዬ ብጠይቀው «እንዲያው» ብሎ ሄደ። ምናልባት መልኬ ከስቶ ይሆናል ብዬ መስታወት አየሁ። የእኔ አስረጂ መሥሪያ ቤታችን በሐምሌ ስለሚታደስ ቤት ሆኜ እንደማርፍ ነግሮኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እረፍት ያላየ ሰው ስለ እረፍት ጥያቄ አያነሳም።

ሐሙስን መረጥኩ። እሑድ እስኪደርስ ጋሽ ይመር የሚያዝኑበት ሁለት ቀን፣ የሚጽናኑበት አንድ ቀን ይኖራቸዋል ብዬ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ሰግደው ሲመለሱ እንድንጠብቃቸው ለናሆም፣ ለሃያትና ለፊርዶስ ነገርኩ። ሌላ ሰው አልጠራሁም። መርዶ ሰው ሲበዛበት ሠርግ ይመስላል።

ሐሙስ ጠዋት የጦሳ ተራራ ገና ጉም ለብሶ ሳለ አዲሱን ሹራቤን አጥልቄ ደረስኩ። ግቢው ሞልቷል። የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ባለሱቁ አለ፣ የሃያት ባልም አለ። ድንች ሻጯ አለች። ከሁሉ ይልቅ ዳግም የሚባለው ወንድሜ ከኮምቦልቻ መጥቶ በረንዳው ላይ ቆሟል።

«አንተ ደግሞ ምን ትሠራለህ?»

«ለሠርጉ» አለኝ፣ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ።

ሠርጉ እሑድ ነው። ለዚያውም ኮምቦልቻ፣ እሱ ያለበት። ልጠይቀው ስል የግቢው በር ተከፈተና ጋሽ ይመር ገቡ።

ሰዉን አዩ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁና ግንቡን ያዙ። እኛ ሰፈር ጎህ ሲቀድ ግቢ ሞልቶ የጠበቀው ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ፊርዶስ የታለች?» አሉ።

«እዚህ ነኝ አባባ» ብላ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች።

«ሙሽራውስ?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ ማን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ጋሽ ይመር» አልኩ። «ይቀመጡ። ቁርስ በልተዋል?»

ጥያቄዬን ያውቁታል። ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ቴምር ቀምሻለሁ» አሉ፣ እንደ ተማሪ። ፊርዶስ ከጎናቸው ሆነች። እኔም ፊት ለፊታቸው ዝቅ ብዬ፣ እንደ እናቴ፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት።

«ሰው መኪና መንዳት ቀርቷል ጋሽ ይመር፤ በአዋጅ ነው፣ ሦስት ዓመቱ።»

መጀመሪያ ሳቁ። ልባቸው እስኪፈርስ ሳቁ። «ለዚህ ነው? እኔ እኮ ልጄን ቀበራችኋት ብዬ ነበር። ውይ! ለመኪና ነው እንዴ ይኼ ሁሉ ሰው?» ዕንባቸውን ጠረጉ፣ ሰውም አብሯቸው ፈገግ አለ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ላይ ወረደ።

«ሐረጎስ?»

«ክፍት ነው።»

«ጥገናው?»

«ጥገና የለም። አልነበረምም።»

በአጥሩ ማዶ አንድ ባዶ መሪ ያላት መኪና ወደ ታች ስትወርድ ዓይናቸውን ተከሉባት፣ ከዓይን እስክትጠፋ።

«ለምን ከለከሉ?»

«ሰው ሲነዳ ይሳሳታል አሉ። ያንቀላፋል፣ ይናደዳል፣ ጫት ይቅማል። ማሽኑ ግን አይደክመውም፤ በዓመት የሚሞተው ሰው ቁጥር ይቀንሳል ብለው ነው። መቀነሱም እውነት ነው ጋሽ ይመር፣ አልዋሽዎትም።»

«እኔ አርባ ዓመት ነድቼ አንድ ዶሮ አልገጨሁም።»

«አንድ ገጭተዋል። የእናቴን።»

«እሷ ናት የገባችብኝ» አሉ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «የሚሞት ሰው ሲቀንስ ደግ ነው። ማን ወሰነው?»

«ምክር ቤቱ። የተቃወሙም ነበሩ። ሹፌሮች ፒያሳ ላይ ሁለት ቀን ተሰልፈው ነበር።»

«ሹፌሮች ተሰልፈው ነበር?»

«አዎ።»

«እነማን?»

የማውቃቸውን ስም ነገርኳቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፣ ግማሾቹ ዛሬ የሉም።

«እኔ ሳልኖር» አሉ። «እነሱ ዝናብ ሲመታቸው እኔ እዚህ ሞተር አሞቃለሁ። ይመር ፈርቶ ቀረ ብለውኝ ይሆናል እኮ።»

 በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብዙ ሰው በአዋጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ሰልፍ ስላመለጠው ያዘነ ግን አላየሁም። የተያዘ ዜና ወደ እኔ የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ልብ አይችለውም እየተባለ የሚያዘው፣ እጅ ምንም የማያደርግበት ቀን እስኪመጣ ነው። አፍሬም ተናድጄም መሬት መሬት አየሁ።

«አንተ ናሆም፣» አሉ ጋሽ ይመር፣ «በየጠዋቱ ሐረጎ መቼ ይከፈታል ትለኝ ነበር።»

ናሆም ባርኔጣውን አወለቀ። «ደስ ስለሚልዎት ነበር። ስወድዎት ነው ጋሽ ይመር።»

«መውደድህንማ አውቃለሁ። እሱ ነው ያስቸገረኝ።»

ፊርዶስ ጉልበታቸው ላይ እጇን አኖረች። «አባባ፣ የተከለከለው አስፋልት ላይ ነው። ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ ኮብልስቶን ነው። እሑድ በእርስዎ መኪና ተሳፍሬ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይወስዱኛል። ከዚያ ወዲያ በእነዚያ ባዶዎቹ እሄዳለሁ።»

«ሃምሳ እርምጃ ነው እኮ።»

«ቀስ ብለው ይንዱ።»

አቅፈው ግንባሯን ሳሟት። ከሴቶቹ መሀል መናፈጥ ተሰማ። ጥሩ አረዳሁ አልኩ በልቤ፤ እናቴ ብታይ ደስ ይላት ነበር። አሁን እንደ ወጉ ሰዉ ተነሥቶ «አብሽሩ» እያለ መውጣት ነበረበት። ግን ማንም አልተነሣም። ጋሽ ይመር ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ኤልዳና፣ ቁርስ በልተሻል?»

ሳቅሁ። ሲበቀሉኝ መሰለኝ። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ ጋሽ ይመር።»

«አውቃለሁ። በልተሻል ወይ ነው ያልኩሽ።»

አልሳቁም። ማንም አልሳቀም። ዳግም ከበረንዳው ወርዶ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ፤ ትከሻው ትከሻዬን ነካው። ለሠርግ የመጣ ሰው እንዲህ አይቀመጥም። የሥጋ ዘመዱን አጠገቡ አስቀምጪ ትል ነበር እናቴ።

«በልቻለሁ» አልኩ። ውሸቴን ነበር።

ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለረጅም ጊዜ የተለማመዱት እንደነበር ያስታውቃል።

«ሰው ለሰው ዜና መንገር ቀርቷል ልጄ፤ ከሐምሌ አንድ ጀምሮ አስረጂው ራሱ ነው የሚናገረው።»

 መቼም ይህን ዓረፍተ ነገር እኔ ብናገረው ከዚህ አሳምሬ አልናገረውም። ምንም አልተሽሞነሞነም። ደረቴ ላይ ደረሰና እዚያው ተቀመጠ።

«ማዕቀፍ የሚል ቃል አለበት?» አልኩ።

«ሁለት ቦታ አለበት» አለ ናሆም።

«መቼ ተወሰነ?»

«ሚያዝያ ላይ» አለ ዳግም። «ሰው ሐሳብ ይስጥ ተብሎ ነበር። ብዙ ሰው አልሰጠም። እኛም… መጀመሪያ አንቺ ራስሽ ቀርበሽ የምትናገሪ መስሎን ነበር። በኋላ ነው አለመስማትሽን ያወቅነው።»

የመሥሪያ ቤቱ እድሳት፣ ምራቂው ድንች፣ አይዞሽ፣ ሹራቡ፣ ጆሮ የነካኩት እጆች፣ ሁሉም መጥተው ተሰለፉብኝ። አለቀስኩ። ወግ ነውና ማንም ዝም በይ አላለኝም። ዳግም ጀርባዬን ይዞኝ ቆየ።

«መሥሪያ ቤቱ ማንን ሊልክብሽ ነው?» አሉ ጋሽ ይመር፣ ቀስ ብለው። «የምትላኪው አንቺ ነሽ። ስለዚህ እድሩ ተሰበሰበና እኔን መረጡኝ። ዛሬ እንዳደርገው የተወሰነው ደግሞ፣ ጎህ ሲቀድ ከቤትሽ የሚያወጣሽ ሥራ ብቻ ስለሆነ ነው። ለማን እንደምትመጪ አልነገሩኝም። ዛሬ ኤልዳና ቤትህ ትመጣለች ነው ያሉኝ፤ ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ ግቢ ሞልቶ ይጠብቃል አላሉኝም። እኔ ለአንቺ መርዶ አቅም እንዲሆነኝ ነበር ቴምር የቀመስኩት።»

አየኋቸው። አዩኝ። ለሁለት ወር በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ፣ እንዴት አደርሽ» ስንባባል፣ እኔ የእሳቸውን መርዶ እሳቸው የእኔን በአፋችን ይዘን ነበር። ስንዋደድ ነው እንዲህ የተጫወትነው። ተናድጄ ልናገራቸው አፌን ከፈትኩና ሳቅ አመለጠኝ፣ ዕንባዬ ሳይደርቅ። እሳቸውም ሳቁ። ሰፈሩ መሳቅ ይቻል አይቻል ስላላወቀ ግማሹ ሳቀ።

ያን ጊዜ ነው ከአግዳሚው ጫፍ የሹራብ መርፌ ድምፅ መቆሙን ያስተዋልኩት። ሃያት ለመርዶም መርፌዋን ይዛ ነው የምትመጣው። እጇ ባለቀ እጅጌ ላይ ቆሟል። አንዴ ጋሽ ይመርን፣ አንዴ እኔን፣ ከዚያ ሰዉን አንድ በአንድ አየች።

«የእኔስ?» አለች። «የእኔም አለ?»

 ብዙ እጆች ወደ ጆሮ ሄዱ፤ ወዲያው ደግሞ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ወረዱ። ናሆም የእድሩ ዳኛ ነውና ዓይኑን ፈለግሁ፤ እሱ ግን ባርኔጣውን እያገላበጠ ነበር። ባሏ ወደ ጦሳ ዞረ። የሰውን ዜና ያወጣ ይታገዳል።

በጆሮዬ ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ። «ከወይዘሮ ሃያት ጋር ሲሆኑ ስለ መስከረም…»

አስረጂውን ከጆሮዬ አወለቅኩትና ጋሽ ይመር ጉልበት ላይ ያለው ኮፍያ ውስጥ ጣልኩት። ጋሽ ይመር ኮፍያውን አዩ፣ የራሳቸውንም አውልቀው ጨመሩበት። ናሆምም ዘግይቶ መጥቶ የእሱን ጣለ።

ትእዛዝ አልመጣልኝም ነበር። ግን ሐምሌ አንድ ገና ነው፤ እስከዚያ ድረስ አርጂዋ እኔ ነኝ። ወሩም አላለቀም፤ ለሃያት ሐሳብ መስጫው ቀን አልዘጋም፣ ፒያሳም ቦታዋ አለች። ከወንድሜ ትከሻ ተነሥቼ፣ የሠራችልኝን ሹራብ ቁልፍ አስተካክዬ፣ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ባሏን በእጄ ጠራሁትና በሌላው ጎኗ አስቀመጥኩት።

«ሃያትዬ፣» አልኳት፣ «ቁርስ በልተሻል?»